ጀማሪው ሥራውን የት ይማር? ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የድርጅት መሪዎች ኃላፊነት

በአዲስ አበባ የኩባንያ ኃላፊዎች በሚገናኙበት መድረክ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲነሣ፣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሠራተኛ ይቀንስልናል?» የሚል ነው። ደመወዝ የሚከፍል ሰው ወጪውን ማስላት ግዴታው ስለሆነ በጥያቄው አልከፋም። ይሁን እንጂ ለዓመታት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ሳሠለጥን የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ከዚህ ጥያቄ በፊት ሌላ መመለስ ያለበት ጥያቄ እንዳለ አምናለሁ፤ ጀማሪው የሚማርበትን ሥራ ማሽን ከወሰደው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ድርጅት የሚመራው ባለሙያ ከየት ይመጣል? በእኔ ግምት ይህ ቴክኖሎጂ በመሪዎች ፊት ካስቀመጣቸው ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙዎቻችንም እየወሰንን መሆናችንን እንኳ ሳናስተውል በየዓመቱ እየወሰንነው ነው።

በጉዳዩ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች መካከል ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝ ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፣ ዳንዬል ሊ እና ሊንዚ ሬይመንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ነው። ተመራማሪዎቹ የአንድ ትልቅ ሶፍትዌር ሻጭ ኩባንያ የሆኑ ከ5,000 በላይ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ተከታተሉ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች የሚገኙት ፊሊፒንስ ነበር። ሠራተኞቹ ከደንበኛ ጋር በጽሑፍ ሲነጋገሩ ማሽኑ ከጎን ሆኖ ምን ብለው ቢመልሱ እንደሚሻል ሐሳብ ያቀርብላቸዋል፤ ሐሳቡን መቀበል፣ ማሻሻል ወይም መተው ግን የሠራተኛው ፈንታ ነው። አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚፈታቸው ጉዳዮች ብዛት በአማካይ በ14 በመቶ ገደማ ጨመረ። አማካዩ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። አዳዲሶቹና ችሎታቸው ገና ያልዳበረው ሠራተኞች 34 በመቶ ሲሻሻሉ፣ በልምድ በበሰሉት ላይ የታየው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነበር። ሁለት ወር ብቻ የሠራ ሠራተኛ በማሽኑ ሲታገዝ፣ ያለ ማሽኑ ከስድስት ወር በላይ ከሠራው እኩል ውጤት አመጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው በጥናቱ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ግኝት ነው። ማሽኑ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለጊዜው በተቋረጠባቸው ሰዓታት እንኳ፣ ቀደም ሲል በእርሱ ሲታገዙ የቆዩት ሠራተኞች ከመጀመሪያው የተሻለ ይሠሩ ነበር። ይህም ሠራተኞቹ መልሱን ከመቅዳት አልፈው ሥራውን ራሱን እየተማሩ እንደነበር ያመለክታል። የተበሳጨን ደንበኛ በምን ቃል ማረጋጋት እንደሚገባ፣ የትኛውን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ነገሩን እንደሚያሳጥር፣ ችግሩ በእርግጥ የት ላይ እንዳለ ለመለየት ምን ምልክት መፈለግ እንደሚያስፈልግ፣ ይህ ሁሉ ከማሽኑ ወደ ሰው ተላልፎ ነበር። በሥልጠና ክፍል ውስጥ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ለማስተላለፍ የሚፈጀውን ጊዜና ድካም ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማሽኑስ ከማን ተማረ? የዚያው ኩባንያ ሠራተኞች ከደንበኞች ጋር ካደረጓቸው ንግግሮች ሲሆን፣ እንደ መልካም አርአያ የተወሰደው ምርጥ የተባሉት ሠራተኞች የተናገሩት ነው። ለዓመታት በትዕግሥት ያካበቱት ጥበብ ከእነርሱ ተወስዶ ለአዲሶቹ ታደለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ዕውቀት መተላለፍ አለበት። ነገር ግን አብዛኛው የማበረታቻ ክፍያ ሠራተኛውን ከባልደረባው ጋር እያወዳደረ የሚለካ በመሆኑ፣ በራሱ ንግግር የሠለጠነ ማሽን ባልደረቦቹን ሁሉ ወደ እርሱ ደረጃ ሲያስጠጋቸው ነባሩ ባለሙያ ከማትረፍ ይልቅ ሊከስር ይችላል። በየጥሪ ማዕከሉ «ይህን ደንበኛ ለእርሷ አስተላልፉት» የምትባል አንዲት ነባር ሠራተኛ አትጠፋም። የእርሷ ችሎታ የድርጅቱ የጋራ ሀብት ሲሆን ለእርሷ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የሚያስብ መሪ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የቴክኖሎጂ ክፍሉ አይወስነውም።

ያንኑ ቴክኖሎጂ ፈጽሞ በሌላ መንገድ የተጠቀመበት ኩባንያ የስዊድኑ የክፍያ አገልግሎት ሰጪ ክላርና ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ክላርና በሰጠው መግለጫ፣ የማሽን ረዳቱ በአንድ ወር ውስጥ 2.3 ሚሊዮን ንግግሮችን እንዳስተናገደ፣ ይህም ከደንበኞች ጋር ከሚደረጉ የጽሑፍ ንግግሮች ሁለት ሦስተኛው እንደሆነ፣ የ700 ሰዎችን ሥራ እንደሚሠራና ጉዳይ ለመጨረስ 11 ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ከ2 ደቂቃ በታች እንዳወረደው አስታወቀ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ባሉ የኩባንያ ቦርዶች ጠረጴዛ ላይ ደርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሴባስቲያን ሲሚያትኮቭስኪ ወጪ ከመጠን በላይ ዋነኛ መመዘኛ ሆኖ እንደነበርና የአገልግሎቱ ጥራት እንደቀነሰ በይፋ ተናገሩ፤ ኩባንያውም ደንበኛ በፈለገ ጊዜ ሰው ማግኘት እንዲችል እንደገና ሰዎችን መቅጠር ጀመረ። ማሽኑን ግን አልተዉትም፤ ዛሬም ብዙውን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የማከብረው፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ያስቀመጡት መመዘኛ ምን እንዳሳጣቸው አይተው በአደባባይ መናገራቸውን ነው።

በሌሎች ኩባንያዎች ውስጥ ያለው አካሄድ እንዲህ ግልጽ አይደለም። ለነጋዴዎች የኢንተርኔት መደብር መክፈቻ ሶፍትዌር የሚያቀርበው የሾፒፋይ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቶቢ ሉትኬ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ማስታወሻ፣ ማንኛውም የሥራ ክፍል ተጨማሪ ሰው ከመጠየቁ በፊት ሥራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የማይሠራው ለምን እንደሆነ እንዲያስረዳ አዘዙ። በእንዲህ ዓይነቱ ትእዛዝ ማንም ከሥራው አይባረርም፤ በሩ የሚጠበው ገና ላልገባው ነው። በዚያው ዓመት ብሪንዮልፍሰን ከሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ኤዲፒ የተባለውን ግዙፍ የደመወዝ ከፋይ ኩባንያ መረጃ መርምረው ያገኙት ውጤትም ወደዚሁ ያመለክታል። በአሜሪካ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይበልጥ በተጋለጡ ሙያዎች፣ ለምሳሌ በሶፍትዌር ሥራና በደንበኞች አገልግሎት፣ ከ22 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሠራተኞች ቅጥር እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በ13 በመቶ ቀንሷል፤ በእነዚያው ሙያዎች ያሉ በዕድሜ ከፍ ያሉት ግን ወይ ባሉበት ጸንተዋል ወይ ጨምረዋል። ሁለቱን የብሪንዮልፍሰን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳነብባቸው ያዝናል ልቤ። በመጀመሪያው ጥናት ማሽኑ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ጀማሪውን ነበር፤ በሁለተኛው ከሥራ ገበያው እየቀረ ያለው ያው ጀማሪ ነው።

ይህ ለእኛ አገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት፣ ሙያ እዚህ እንዴት እንደሚወረስ ማየት ይበቃል። በባንኮቻችን ዛሬ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወይም የዲስትሪክት ኃላፊ ሆነው ከሚያገለግሉት መካከል እጅግ ብዙዎቹ በመስኮት ገንዘብ በመክፈልና በመቀበል የጀመሩ ናቸው። በዚያ መስኮት ላይ የሰው ፊት ማንበብን፣ የተጭበረበረ ፊርማን መጠርጠርን፣ ቀን ሲዘጋ ሒሳብ አልገጥም ሲል ተረጋግቶ ወደ ኋላ መቁጠርን ተምረዋል። በኦዲት ድርጅት ውስጥ ያለ ወጣት ለወራት ቫውቸርና ደረሰኝ ሲያመሳክር ይቆያል፤ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከሺህ ትክክለኛ ደረሰኝ መካከል አንዷ ሐሰተኛ ስትሆን ዓይኑ እንዲቆምባት የሚያደርገው ያ አሰልቺ ሥራ ነው። በጠበቃ ቢሮ ውሎችን የሚያነብብ፣ በጋዜጣ ክፍል ዜና የሚያርም፣ በጥሪ ማዕከል የመጀመሪያውን ስልክ የሚያነሣ ሁሉ እንዲሁ ነው። ማሽን ቀድሞ የሚወስደው ደግሞ በትክክል ይህን ሥራ ነው፤ ተደጋጋሚ፣ ግልጽ መመሪያ ያለውና የሚለካ ስለሆነ። ቡና የሚያለማ ገበሬ ችግኝ ማፍላቱን ቢያቆም በዚያ ዓመትም በተከታዩም ምርቱ አይቀንስበትም፤ እንዲያውም ወጪው ስለቀነሰ የተረፈው ይመስለዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ያረጁት ዛፎች ምርት መስጠት ሲያቆሙ ነው። የድርጅቶች የዓመት ሪፖርትም ይህን ዓይነቱን ኪሳራ የሚያሳይ ዓምድ የለውም።

«ይህ የሀብታም አገሮች ችግር ነው፤ እኛ ገና ነን» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከፊሉ እውነት አላቸው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ባወጣው ትንታኔ፣ በበለጸጉት አገሮች 60 በመቶ ያህሉ ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጋለጠ ሲሆን በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 26 በመቶ ነው። የእኛ ስሌትም ይለያል። በአሜሪካ የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ ማዳን ትልቅ ቁጠባ ነው፤ እዚህ ግን የጀማሪ ደመወዝ ዝቅተኛ ሲሆን የማሽኑ አገልግሎት ክፍያ በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ በእኛ ሁኔታ ሰውን በማሽን መተካት ብዙ ጊዜ በሒሳብም አያዋጣም፤ የሚያዋጣው በርካሽ የቀጠርነውንና ገና ያልበሰለውን ሠራተኛ በፍጥነት ወደ ብቃት ማድረስ ነው። የመጀመሪያው ጥናት ግኝት ከማንም ይልቅ ለእኛ የሚስማማ ይመስለኛል የምለው ለዚህ ነው።

በቋንቋ በኩልም ገና ብዙ ይቀራል። እነዚህ ማሽኖች በእንግሊዝኛ የሚያሳዩትን ብቃት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ አያሳዩም፤ የአንቱታውን ወግ ስተው አዛውንትን «አንተ» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ የተስተካከለ መስሎ ፍሬ ነገሩ የተሳሳተ ሆኖ ይገኛል። ይህን አይቶ የሚያርመው ሰው ቋንቋውንም ሥራውንም የሚያውቅ መሆን አለበት።

ወደ መሪው የግል ኃላፊነት ስንመጣ፣ በካናዳ የሆነውን ማንሣት ግድ ይለኛል። አያቱ የሞተችበት አንድ መንገደኛ የኤር ካናዳን የማሽን ረዳት ስለ ሐዘን ጊዜ ቅናሽ ጠየቀው፤ ማሽኑም ትኬቱን ገዝቶ በ90 ቀናት ውስጥ ቅናሹን መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበርና ጥያቄው ውድቅ ተደረገበት። ጉዳዩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ዳኝነት አካል ዘንድ ሲቀርብ፣ አየር መንገዱ ማሽኑ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ የሆነ የተለየ አካል ነው የሚል አንድምታ ያለው መከራከሪያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የተሰጠው ውሳኔ ይህን አልተቀበለም፤ ማሽኑ የድረ ገጹ አንድ ክፍል በመሆኑ በድረ ገጹ ላይ ለሚነገረው ሁሉ ኩባንያው ኃላፊ ነው ተባለ። ኩባንያው እንዲከፍል የታዘዘው ወለድና የዳኝነት ወጪ ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ብቻ ነበር፤ የውሳኔው ክብደት ግን በገንዘቡ አይለካም።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚከብደው በብድር ላይ ነው። ለረጅም ዘመን ቤት ወይም መኪና የማያስይዝ ነጋዴ ከባንክ ብድር ማግኘት የማይታሰብ ነበር። አሁን ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በጀመራቸው እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ባሉ አገልግሎቶች፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ደግሞ ከክፍያ ፋይናንሻል ቴክኖሎጂ ጋር ባቀረበው «ሚቹ»፣ ብዙ ሰዎች ንብረት ሳያስይዙ እየተበደሩ ነው፤ ማን ስንት ይበደር የሚለውን የሚያመዛዝነው ስለ ተበዳሪው የተሰበሰበውን መረጃ የሚመረምር ሥርዓት ነው። በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ በጉልት ገበያ ለምትሸጥ እናት በሩን የከፈተላት ይህ ነውና። ይሁን እንጂ ድሮ ብድር የተከለከለ ሰው ቢያንስ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ የብድር ኦፊሰር ነበረው፤ ምክንያቱን ይጠይቀዋል፤ ይሟገተዋል፤ ኦፊሰሩም ሱቁ ድረስ ሄዶ ዕቃውን አይቶ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ዛሬ በስልኩ ላይ «አልተፈቀደም» የሚል ጽሑፍ የደረሰው ሰው ወደ ቅርንጫፍ ቢሄድ፣ ሠራተኛው ራሱ ምክንያቱን ማየት ካልቻለ ምን ሊለው ይችላል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች መረጃ እንዴት መሰብሰብና መጠቀሚያ መሆን እንዳለበት ሥርዓት አበጅቷል። ከሕጉ በላይ ግን በየባንኩ «ይህን ውሳኔ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት የሚችል በስም የሚታወቅ ኃላፊ መኖር አለበት እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የሚሆነው ደግሞ ብድርን በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሌሎች ጥናቶች ሐሳቤን አጽንተውልኛል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎችና ሌሎች ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በ758 የቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ አማካሪዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ማሽኑ በሚችላቸው ሥራዎች የተጠቀሙበት አማካሪዎች ፈጥነውም፣ በጥራት በልጠውም ተገኙ። ሆን ተብሎ ከማሽኑ አቅም ውጭ እንዲሆን በተዘጋጀው ጥያቄ ላይ ግን ማሽኑን የተጠቀሙት ትክክለኛ መልስ የማግኘት ዕድላቸው ካልተጠቀሙት በ19 መቶኛ ነጥብ አነሰ፤ ማሽኑ በሚያምር ቋንቋ ሲሳሳት አብረውት ተሳሳቱ። ሜትር የተባለው የምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በ16 ልምድ ያላቸው የሶፍትዌር ባለሙያዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ባለሙያዎቹ በማሽኑ እየታገዙ ሲሠሩ 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እነርሱ ግን ሥራውን ከጨረሱም በኋላ 20 በመቶ ያህል የፈጠኑ ይመስላቸው ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት ነውና ውጤቱን ለሁሉም ሥራ ማድረግ አይገባም። ቢሆንም «ሠራተኞቼ ሥራው ቀለለን ብለውኛል» በሚል ብቻ በጀት ለሚመድብ ኃላፊ ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሥራው ከማሽኑ በፊትና በኋላ የወሰደው ጊዜና የተገኘው ስሕተት በእርግጥ ካልተመዘገበ፣ ስሜት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

እኔ በማሠለጥንባቸው ቦታዎች ኃላፊዎችን የምለምነው ነገር በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ጀማሪው መጀመሪያ ራሱ ይሞክር፤ መልሱን ወይም ሪፖርቱን ይጻፍ፤ ከዚያ የማሽኑን አጠገቡ አስቀምጦ ልዩነቱን ለነባሩ ባለሙያ ያስረዳ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ፍጥነት ፍለጋ ማሽኑን የገዛ ድርጅት ለመማሪያ ብሎ ሰዓት ሲሰጥ ይቆረቁረዋል። ነገር ግን ማሽኑ ካተረፈው ሰዓት ውስጥ ጥቂቱን ለነባሩ ባለሙያ ለማስተማሪያ መመለስ፣ ማስተማሩንም እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን ደመወዝና እድገት የሚያስገኝ ሥራ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። ዋና ሥራ አስኪያጁም ራሱ ተቀምጦ በማሽኑ ሊሠራበት ይገባል፤ የሌላ ሰው ማሳያ ብቻ ተመልክቶ የወሰነ መሪ፣ ሠራተኛው የት ላይ እንደሚቸገር ሊያውቅ አይችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ቅነሳው የሠራተኛ ቁጥር መቀነስ የሚባለው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከርን፣ ማስጠንቀቂያንና ካሳን ያዛል። ስለዚህ በሥራ ላይ ላለው ሰው ቢያንስ ጥያቄ የሚያነሣለት ሕግ አለ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ለሚዞረው ወጣት ግን ያልወጣ የሥራ ማስታወቂያ ለምን እንዳልወጣ የሚጠይቅለት የለም። ተመራቂዎች ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡት በአብዛኛው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመትም ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሰው ኃይል ዕቅዱ ለቦርድ በሚቀርብበት በዚያ ወቅት፣ በየክፍሉ ስንት ጀማሪ እንደሚቀጠርና እያንዳንዱን የሚያስተምረው ባለሙያ ማን እንደሆነ ከማሽኑ ግዢ ዋጋ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ እንዲቀርብ የቦርድ አባላት እንዲያዝዙ እጠይቃለሁ።